ዓሣው እዚህ፣ ዘይቱ ከባሕር ማዶ

ዘንድሮ ታማሚ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ማዘዝ ብቻ ነው። ድሮ ሰው ታመመ ሲባል ጎረቤት ይመጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ወይም «አላህ ያሽርህ» ይላል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። አሁን ጠያቂው ገና ደጃፉን ሳይሻገር «ተልባ ሞክረሃል?» ነው የሚለኝ። ጨጓራዬን አመመኝ ያልኩት አንድ ለቅሶ ቤት፣ ለአንድ ሰው፣ በጆሮው ነበር። በማግስቱ የሐይቅ ከተማ ባጃጅ ነጂ ሳይቀር «ጋሼ፣ ጨጓራው እንዴት አደረ?» ይለኝ ጀመር። እኔ እንዴት እንዳደርኩ የሚጠይቅ ጠፋ፤ ጨጓራዬ ብቻውን ሰላምታ ይቀበላል።

ትእዛዙን አላጓደልኩም። ተልባውን ጠጣሁ። አብሹን ዘፍዝፌ አሳድሬ፣ ምሬቱን ችዬ ጠጣሁ። የአምባሰል ዘመዶቼ የላኩልኝን ማር በባዶ ሆዴ ላስኩ፤ በዚህኛው ቅሬታ የለኝም። ጥሬ ድንች ጨምቀህ ጠጣ ያለኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ያኔም በባዮሎጂ ወድቆ ነበር። «ወተት ያበርድልሃል» የሚሉኝን ግን አልለቃቸውም፣ እሟገታለሁ። ሲፒ የሚባል የቺካጎ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 የጨጓራ ቁስለኛን በየሰዓቱ ወተትና ክሬም እያጠጣ ማከም ጀመረና ዓለም ለብዙ ዘመን ተከተለው። ወተት ለጊዜው ያስታግሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጨጓራው እሱኑ ለመፍጨት ይነሣና ተጨማሪ አሲድ ያመነጫል። ቁስሉ ባለበት ቀረ፣ ቁስለኛው ወፈረ።

ያን ሁሉ ጠጥቼም ሌሊቱን ማንጎራጎር አልቀረልኝም። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የእኛው የወሎ ስሞች ናቸው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጨጓራዬ ሲነሣብኝ የማንጎራጉረው በየትኛው እንደሆነ ባለቤቴን ጠይቋት። ቅኝት የለውም ነው የምትለው።

ይህ ሁሉ እያለ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ መጣች፤ ከሻንጣዋ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። «ጋሼ፣ የዓሣ ዘይት ነው፤ ኦሜጋ ስሪ። የጨጓራን ግድግዳ ከቁስለት ይጠብቃል።» እሷን አየኋት። ጠርሙሱን አየሁት። ቀጥዬ በመስኮት ሐይቁን አየሁ። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍ፣ ዓሣ የሚርመሰመስበት ውሃ ደጄ ተዘርግቶ፣ ለእኔ የዓሣ ዘይት በአውሮፕላን አትላንቲክን አቋርጦ፣ አዲስ አበባ ፍተሻ አልፎ፣ በደሴ በኩል ታጉሮ ይመጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ልጅቷ ደግሞ ለእኔ ብቻ ነግራ የምትተው አይደለችም። እስጢፋኖስ ገዳም አብረን ሄድን። ሴት ስለማይገባበት እሷ ከደጅ ቀረች። እኔ ገብቼ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንበር ዘርግተው ያስተማሩበትን፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቁጭ ብለው የተማሩበትን ቦታ ተሳልሜ፣ ስለ ጨጓራዬም አንድ ሁለት ቃል ተናግሬ ወጣሁ። ስመለስ ከደጅ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ዙሪያዋን ሰብስባ ስለ ኦሜጋ ታስተምራለች። ገዳሙ ሊቅ የሚያወጣው ስንት ዘመን አስተምሮ ነው፤ እሷ እኔ ተሳልሜ እስክወጣ ድረስ አራት ባለ ጨጓራ አስመርቃ ጠበቀችኝ። ሁሉም አሁን ጠርሙስ ከየት ይገኛል እያሉ የሚጠይቁት እኔን ነው።

«ታዲያ የራሳችሁን ዓሣ ብሉ» የሚል ብልህ አይጠፋም። እሱንም ልመልስለት። አንደኛ፣ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ራሱ ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ አምጥተው የጨመሩት ነው፤ እኔ ከእሱ በፊት እዚህ ነበርኩ። ሁለተኛ፣ ቆሮሶ ዘይት የለውም። ከ100 ግራም ሥጋው ስቡ ሁለት ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ጠርሙስ የሚሞላው ዘይት የሚወጣው ከሌላ ወገን ነው፤ ፔሩ ባሕር ዳር በመርከብ ከሚጠመደው አንቾቪ፣ ከሰርዲን፣ ኖርዌዮች ከጥንት ከሚጨምቁት የኮድ ዓሣ ጉበት። የእኛ ቆሮሶ ዘይት ሰጪ ሳይሆን ዘይት ጠጪ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉትን ዓሣ ጠባሾች ሄዳችሁ እዩ። ጎንና ጎኑ በቢላ የተተለተለ ዓሣ እስከ ጭራው በዘይት ይጠልቃል፣ ዘይቱ በየትልትሉ ገብቶ ይንጫጫል፣ ዓሣው ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ብረት ድስቱ ጎድሎ ይታያል። በዛሬው የዘይት ዋጋ! ቀጥሎ አዋዜው ይመጣል። ዓሣ ለጨጓራ ጥሩ ነው ያለው ሰው ያንን አዋዜ አላየውም።

ጡረታ ብወጣም መምህር ነኝና ዝም ብዬ መዋጥ አቃተኝ፤ ነገሩን ፈልጌ አነበብኩ። ልጅቷ ፈጽሞ ከመሬት ተነሥታ አላወራችም፤ ከሁሉ ያበሳጨኝም ይኼው ነው።

ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ ምስማር የሚበላ ነው። ሥጋ እየፈጨ ራሱ ሥጋ የሆነው ጨጓራ የማይፈጨው፣ ውስጡን የሸፈነው ዝልግልግ ልባስ ስላለ ነው። ከዚያ ልባስ ሥር አሲድ የሚያመክን ባይካርቦኔት ይመነጫል፣ ደም በደንብ ይዘዋወራል፣ የተጎዳው የላይኛው ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ሕዋስ ይተካል። ይህን ሁሉ የሚያሠራው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሠራው ከስብ ነው። እንግዲህ የምንበላው የስብ ዓይነት ለጨጓራ ሳይተርፈው አይቀርም የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ሆላንደርና ታርናውስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 በምዕራቡ ዓለም የጨጓራ ቁስለት እየቀነሰ የመጣው ሰው የአትክልት ዘይት መብላት ስላበዛ ይሆናል ብለው ጻፉ። መላ ምት ነበር፤ እነሱም መላ ምት ነው ብለው ነው የጻፉት።

ከዚያ ወደ አይጥ ተሄደ። ሁሉም ነገር መጨረሻው አይጥ ነው። አይጧን ለሳምንታት የዓሣ ዘይት ይመግቧታል፣ ቀጥለው ጨጓራዋን የሚያቆስል ነገር፣ አልኮል ወይም አስፕሪን ወይም ኢንዶሜታሲን፣ ይሰጧታል፣ በመጨረሻ ጨጓራዋን ከፍተው ቁስሉን ይለካሉ። በበርካታ እንዲህ ባሉ ሙከራዎች ዘይቱን አስቀድማ የበላችው አይጥ ቁስሏ አንሶ ተገኝቷል። ይህን አረቄ ቤት አካባቢ ጮክ ብላችሁ እንዳታወሩ አደራ፤ በማግስቱ ጠጪው ሁሉ ቀድሞ ዘይት ውጦ ነው የሚሰየመው። ምክንያቱን ሲያስረዱ ዘይቱ ቁጣና እብጠት የሚያስነሡትን ንጥረ ነገሮች ያሳንሳል ይላሉ። ያው ዘይት ግን ጠባቂ ነው ያልነውን ፕሮስታግላንዲን ራሱን የመቀነስ ጠባይም አለው፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ እንዴት እንደሚጠብቅ ገና እየተነታረኩ ናቸው። ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ የጨጓራ ቁስለትን ይከላከላል ወይም ያድናል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አልተገኘም፤ ሐኪምም ለዚህ ብሎ አያዝዘውም።

ለአይጧ ደስ ብሎኛል። ግን አይጧ ምግቧ ተመጥኖ በሰዓቱ ይቀርብላታል። ጠዋት በባዶ ሆዷ አቦል አትጠጣም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ አትጾምም። ልጆቿ ዐረብ አገር ሄደው ስልክ አናነሣም አላሏትም።

ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ ንባቤ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተልባም የራሱ ኦሜጋ ስሪ አለው ብዬ ነበር። ቀጥዬ፣ የተልባው ዓይነት ሌላ ነው፣ ሰውነታችን ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው እያልኩ ሳስረዳ እሷ ጓዳ ገብታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንኑ የድሮ ተልባ በዚያው በድሮው ጣሳ ታመጣና «እንካ ኦሜጋህን ጠጣ» ትለኛለች።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ወደ ሐጂ ልምጣ። እኔና እሱ የምንለያየው በጸሎት ቤት ብቻ ነው፤ በጨጓራ አንድ ነን። ሐጂ ጉልበቱን ያመዋል። ለጉልበቱ ዳይክሎፌናክ ይውጣል። ማን እንዳዘዘለት ብትጠይቁት መልሱ «ሱቁ» ነው። ካንድ መድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት ይገዛና ከኪሱ እያወጣ ከቡና ቁርስ ጋር ይውጠዋል፤ አንዳንዴም ለሰው ይጋብዛል። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እነአስፕሪን ሕመም የሚያስታግሡት የፕሮስታግላንዲንን መሠራት በመከልከል መሆኑን አሳየ፤ በ1982 ኖቤል የተሸለመውም በዚህ ዘርፍ ሥራው ነው። ዳይክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ጉልበት ላይ ሕመሙን የሚያበርደው ያው መድኃኒት ጨጓራ ላይ ልባሱን ያሳሳል። በኪኒን መልክ የሚያስከትለው ጉዳት በመርፌም ቢወሰድ አይቀርም፤ በደም ዞሮ ይደርሳልና። ይህንን ለሐጂ በእንጨት መሬት ላይ ሥዬ አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀ፣ «ወላሂ እውነትህን ነው» አለ፣ ከዚያ ከእህቴ ልጅ ጠርሙስ የዓሣ ዘይቱን ተካፍሎ፣ በዳይክሎፌናኩ ላይ ደርቦ ዋጠው። ቀን ግንቡን እየናዱ ማታ ኖራ መቀባት!

መዋጡ ራሱ ቀላል አልነበረም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በመነጽሬ ሳነብ «ጄላቲን» የሚል አገኘሁ። ዘይቱን ፍሬ ፍሬ አድርጎ የያዘው ወርቅ የመሰለ ለስላሳ ሽፋን የሚሠራው ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው፤ ከዓሣ የሚሠራም አለ፤ ይኼኛው ከየትኛው እንደሆነ ግን አልጻፉም። ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሐጂ ፍሬውን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠና አፈጠጠበት። እኔም ዕለቱ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ። የአሳማ ከሆነ ለእሱም ለእኔም አይሆን፤ የከብት ከሆነ ማን እንዳረደው አይታወቅ፣ ለእኔም ጾሙን ይገድፋል፤ የዓሣ ቢሆን ደግሞ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከእኛ በፊት ነበር፣ ከእኛ በኋላም ይኖራል። የንስሐ አባቴን ብጠይቅ የሚሉኝን አውቃለሁ፦ «ልጄ፣ ጨጓራህን ካመመህ ሐኪም ቤት ሂድ።»

መፍትሔውን ያመጣው ሐጂ ነው። ከባለቤቴ የስፌት መርፌ ተዋሰ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ፍሬውን እየወጋን ዘይቱን ወደ ስኒ ማስቀመጫ መጭመቅ ጀመርን። ሽፋኑን ሲጫኑት ይሸሻል፣ ከመርፌው ሥር ሾልኮ ይንከባለላል፤ የያዘው ዘይት ደግሞ ድንገት ፊጭ ብሎ የሐጂን ጢም መታው። ስንቱን ጨመቅን፣ ማንኪያ አልሞላም። ሽታው ግን ግቢውን ሞላ። የዓሣ ዘይት ሙቀትና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ ይሄ ደግሞ ስንት መጋዘን፣ ስንት ሻንጣ፣ ስንት መኪና ጣሪያ ላይ እንደዋለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የሰፈሩ ድመት በሙሉ አጥር ዘልሎ መጣ። ሐጂ ከዚያ ወዲያ ለሶላት ሲወጣ ሁለት ድመት ይከተሉት ነበር፤ ምስጊዱ በር ድረስ ሸኝተውት ይመለሳሉ። እኔ በበኩሌ የዋጥኳትን ጥቂት ከሰዓት በኋላ ሰው ፊት አገሳኋት። ያልበላሁትን ዓሣ ማግሳት በዚህ ዕድሜዬ የደረሰብኝ አዲስ ውርደት ነው።

ጠርሙሱ ላይ ሌላም ነገር ተጽፏል። በትልቁ 1000 ሚሊ ግራም ይላል። ከጀርባው በደቃቁ ስታነቡት ግን ዋናዎቹ ሁለቱ፣ ኢፒኤ 180 ዲኤችኤ 120 ናቸው፤ ተደምረው 300። ሌላው እንዲሁ ስብ ነው። ከዚያም በታች፣ ጉንዳን በምታነበው ፊደል፣ ይህ ምርት የትኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም የሚል ሰፍሯል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ነገር ለሰውነት ይጠቅማል ብለው ሲሸጡ ይህን እንዲጽፉ በሕግ ይገደዳሉ። ጠርሙሱ በእንግሊዝኛ አላድንም እያለ፣ ሻጭና ዘመድ በአማርኛ ያድናል ይላሉ። እኛ የዚህ አገር ሰዎች እንኳን በዚህ ልንታለል አይገባንም ነበር። ውጫሌ እኮ እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው! በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ሌላ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ሆኖ የተጻፈው እዚሁ ደጃችን ላይ ነው፤ ከዚያ ያስከተለውንም ታውቃላችሁ። ይህን ለእህቴ ልጅ ብነግራት «ጋሼ ደግሞ ሁሉን ነገር ከዐድዋ ጋር ታገናኛለህ» ብላ ሳቀች።

እኔን የሚያቃጥለኝ ዘይቱ አይደለም። ዘይቱ ምን አደረገ? የምቃጠለው ሰው ሁሉ ስለ ዘይቱ እየጠየቀኝ፣ ጨጓራዬን ያመመው ምን እንደሆነ የጠየቀኝ አንድም ሰው ስለሌለ ነው። ዕድሜ ልኬን ጨጓራ የሐሳብ በሽታ ነው፣ የበርበሬ በሽታ ነው ሲባል ሰማሁ። በርበሬ ስሙ በከንቱ ጠፋ። ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ፐርዝ ከተማ ተቀምጠው አብዛኛው የጨጓራና የትንሹ አንጀት መግቢያ ቁስለት ከባክቴሪያ ጋር የተያያዘ ነው ሲሉ የሚሰማቸው ጠፋ። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በፈሳሽ በጥብጦ ራሱ ጠጣው፤ ታመመ፣ ጨጓራው መቆጣቱም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ይኼ ነው ሐኪም! አይጥ አልላከም።

ያ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ በአገራችን የተደረጉት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከሁለት ሰው አንዱ ገደማ ይዞታል። ብዙው ሳይሰማው ይኖራል። የዓሣ ዘይትስ አይገድለውም ወይ ላላችሁ፣ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ እንዲህ ያሉ ስቦች እድገቱን ሲገቱት ታይቷል፤ ሰው ጨጓራ ውስጥ ግን በዘይት የሚጠፋ ሆኖ አልተገኘም። የሚያጠፋው አሲድ የሚቀንስ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መድኃኒት ከሁለት ፀረ ባክቴሪያ ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት፣ ሳያቋርጡ ሲወሰድ ነው። አፍን ያመርራል። ቡናው የሳንቲም ጣዕም ይኖረዋል። ግን በአራተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ የሚያቆም ሰው ባክቴሪያውን መድኃኒት አስተምሮ ነው የሚለቀው፤ እኔ ተማሪ ስለማውቅ ነው የምናገረው። ዋናው ግን መመርመር ነው፤ ምርመራው ደግሞ የሰገራ ናሙና ነው።

እዚህ ላይ ነው አገሬው ሁሉ የሚሸሸው። አሜሪካ ድረስ ጠርሙስ የሚያስልክ ሰው፣ ያችን ትንሽ ብልቃጥ ይዞ በአደባባይ ጤና ጣቢያ መሄድ ያፍራል። ተማሪዎቼ በሞሉበት ከተማ እኔም ጋቢዬ ሥር ደብቄ ነው የሄድኩት። ግማሽ መንገድ ላይ የቀድሞ ርዕሰ መምህሬን አግኝቼ ቆመን የሰላምታው ነገር አላልቅ አለ፤ ቤተሰብ፣ ከብት፣ ዝናብ። «ምን ይዘሃል ጋቢህ ሥር፣ ማር ነው?» አለኝ። ከአምባሰል ማር እንደሚላክልኝ አገር ያውቃል። ሳይቀምስ ላይሄድ ነው! እንዴት እንዳመለጥኩ እኔ አውቃለሁ።

ኮሶ ጠጥቶ ያደገ ትውልድ ነኝ። ኮሶ መድኃኒት መሆኑን ሲወርድ ታውቀዋለህ፤ ሲሠራ ደግሞ ጎረቤትህም ያውቀዋል። ያሁኑ መድኃኒት ወርቅ መስሎ፣ ተለሳልሶ፣ ምንም ሳይሠራም ይመሰገናል። ደግሞም ሰው እየተጽናና መቆየቱ አያስከፋኝም ነበር፣ ደም የሚያስተፋ ጨጓራ ባይኖር። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ትውከቱ የቡና አተላ የመሰለ፣ ሳያስበው ክብደቱ የወረደ፣ ድንገት ሆዱ እንደ ጩቤ የወጋው ሰው ተልባም ዘይትም አያስፈልገውም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ብዙ የዓሣ ዘይት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ይህን ሐጂን በቁጣ ነግሬው፣ ዳይክሎፌናኩን ከኪሱ አስወጥቼ ለባለቤቱ ሰጠሁ። እሷ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሐኪም ዘንድም ወሰደችው፤ የሚቀባ መድኃኒትና ሌላ የማስታገሻ ኪኒን ታዘዘለት። እያነከሰም ቢሆን አኮረፈኝ።

የእህቴ ልጅ ትናንት ማታ ደወለች። ስለ ሐጂ ጉልበት ነግረዋታል፤ ማን እንደነገራት አውቃለሁ፣ ጣሳ ይዛ የምትመጣዋ ናት። «ጋሼ፣ አይዟችሁ፣ ለጉልበት ደግሞ ግሉኮሳሚን እልካለሁ» አለች። ፈልጌ አነበብኩ። በብዛት የሚሠራው ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት ነው። ዛሬ ጠዋት ለሐጂ ብነግረው ኩርፊያውን ረስቶ ከወንበሩ ተነሣ፤ ሸርጣን ሐላል ይሁን ሐራም ሊጠይቅ ሁለቱን ድመት አስከትሎ ወደ ምስጊድ ሄዷል፤ እኔንም በጾም ይበላ እንደሆን ጠይቄ እንድጠብቀው አዞኛል።